ሂውሚዲፋየር በደብረ ማርቆስ በጋ፦ ከኅዳር እስከ መጋቢት የታዘብኩት

ሂውሚዲፋየር፣ ማለትም የቤት አየር ላይ እርጥበት የሚጨምር ማሽን፣ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ መለኪያውን ግዙ። የክፍሉን ሙቀትና የአየሩን እርጥበት በመቶኛ የሚያሳየው፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራው ዕቃ ከማሽኑ በብዙ ይረክሳል፤ ማሽኑ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የሚነግራችሁም እርሱ ነው። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ የገዛሁት በጥቅምት መጨረሻ ሲሆን በጋውን ሙሉ ተጠቅሜባቸዋለሁ። አሁን ዝናቡ ገብቶ ማሽኑ ታጥቦና ደርቆ ካርቶኑ ውስጥ ስላረፈ፣ ያየሁትን ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አብሮት የመጣው መመሪያ የተጻፈው ቤታቸውን በማሞቂያ ለሚያሞቁ ሰዎች ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ተን መሸከም አይችልም፤ ያው አየር ቤት ገብቶ ሲሞቅ የመሸከም አቅሙ ያድጋል፤ ተኑ ግን ያው ጥቂቱ ስለሆነ ከቆዳም ከጉሮሮም እርጥበት ይመጥጣል። እኛ ቤት ማሞቂያ የለም። ድርቀቱን የሚያመጣው በጋው ራሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ቀን ፀሐዩ ይከርራል፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያደርቃል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይነቃል፣ ትንሹን ልጄን ጠዋት ጠዋት ይነስረዋል። በክረምት አብጦ በትከሻ ካልገፉት አልከፈት የሚለው የመኝታ ቤታችን በር በጥር ወር ማንም ሳይነካው ይከፈታል።

መለኪያው ያሳየኝ ነገር ግን ሻጩ ከነገረኝ ጋር አልገጠመም። በጥር ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ቁጥሩ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። ማታ ሁላችንም ገብተን በሩ ሲዘጋና አየሩ ሲቀዘቅዝ በራሱ ጊዜ መውጣት ይጀምራል፤ አራት ሰው የተኛበት ጠባብ ክፍል ከእኩለ ሌሊት በኋላ በትንፋሻችን ብቻ ወደ 50 ይጠጋል። ለቤት ተስማሚ የሚባለው ከ40 እስከ 50 አካባቢ ነው። 60 ካለፈ ግድግዳው ሻጋታ ያወጣል፣ ፍራሹ ውስጥም ዓይን የማያያቸው የአቧራ ተባዮች ይራባሉ፤ በጭቃ ግድግዳና በአቡጀዲ ኮርኒስ ቤት ውስጥ ደግሞ ሻጋታ አንዴ ከገባ እሱን ማስወጣት ጣጣ ነው። ስለዚህ «ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ» የሚለውን የሻጩን ምክር ትቼ፣ ከራት በኋላ ከፍቼ እንቅልፍ በሚወስደን ሰዓት እንዲጠፋ በሰዓት ቆጣሪው አዘዋለሁ። በእኛ ዓይነት ቤት ይህ ማሽን የማታ ዕቃ ነው፤ ሌሊቱ ራሱን ይችላል።

ማሽኑ አራት ሊትር ውሃ ይይዛል፤ 25 ዋት ይወስዳል፤ የገዛሁት በ3,500 ብር ነው። ከታንከሩ ሥር ሳንቲም የምታክል ክብ ሰሌዳ አለች፤ በሰከንድ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ እየተንቀጠቀጠች ውሃውን ወደ ጉም ትለውጠዋለች። ድምፁ አይረብሽም። የመብራት ወጪውም የሚያሳስብ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ከ3,000 ዋት በላይ በሚወስድበት ቤት 25 ዋት ማን ይቆጥራል?

ችግሩ ያለው ውሃው ላይ ነው። ውሃ ሲፈላ ተኑ ብቻ ይወጣና ማዕድኑ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ይህች ሰሌዳ ግን ውሃውን የምትበትነው ከነያዘው ነገር ነው። የቧንቧ ውሃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ዓይነት ነው። ያው ቅርፊት በማሽኑ በኩል አየር ላይ ወጥቶ ጥቁሩ የቴሌቪዥን መስታወት ላይ፣ ቁምሳጥኑ ላይ፣ የልጆቹ ደብተር ላይ ሁሉ ይተኛል። በጣት ስም የሚጻፍበት ልስልስ ዱቄት ነው፤ ጠዋት የተወለወለው ማታ ይመለሳል። ለዕቃው አላዘንኩም፤ ያንኑ አየር የምንተነፍስ መሆናችን ነው ያልተዋጠልኝ።

ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ማዕድኑን ጨርሶ አያወጣም። የታሸገው ውሃም ማዕድን አያጣም፤ በዚያ ላይ ለማሽን ብሎ የታሸገ ውሃ መግዛት ለሰሚው ግራ ነው። አንድ ጎረቤቴ ማዕድኑ የወጣለትን የመኪና ባትሪ ውሃ ሞክር ብሎኛል፤ ጋራዥ ውስጥ ከአሲድ ጎን የሚቀመጥ ነገር ግን ልጆቼ እንዲተነፍሱት አልፈልግም። መላው የተገኘው ከአማቴ በርሜል ነው። ሳሙና በደንብ ይመታል እያሉ ክረምቱን ከቆርቆሮው አሸንዳ ሥር የዝናብ ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ያጠራቅማሉ። ሳሙና የሚመታው ማዕድን ስለሌለው ነው፤ ማሽኑም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጣራው አቧራና የወፍ ኩስ ስለማያጣ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤና በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ እሞላዋለሁ። ለአንድ ማታ ግማሽ ሊትር ያህል ስለሚበቃ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከወር በላይ ያደርሳል። ነጩ ዱቄት ከዚያ ወዲህ ጠፍቷል።

አማቴ ራሳቸው ግን ማሽኑን አልወደዱትም። «ልጄ፣ ይህ ጉም ሕፃኑን ብርድ ያስመታዋል» ይላሉ እስከ ዛሬ። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ውሃ ሲተን ከአየሩ ሙቀት ይወስዳልና ክፍሉ በመጠኑ ይቀዘቅዛል። አፉ ወደ አልጋ ከዞረ ብርድ ልብሱ ላይ ጤዛ ያርፋል። ቦታው ከአልጋ ራቅ ብሎ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ አፉ ወደ ክፍሉ መሐል የዞረ መሆን አለበት።

ጽዳቱን ችላ የሚል ሰው ይህን ዕቃ ባይገዛ ይሻለዋል። ውሃው ለሦስት ቀን ከቆመ የታንከሩ ጥግ ላይ ሮዝ መሳይ፣ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ነገር ይይዛል፤ በዚህ ላይ ማሽኑን መክፈት ያንን ወደ ሳንባ መርጨት ነው። ጠዋት የተረፈውን እደፋለሁ፣ ታንከሩን አለቅልቄ ክፍቱን አደርቀዋለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ በሰሌዳዋ ላይ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ አፍስሼ ጥቂት ካቆየሁ በኋላ በጥጥ እጠርጋለሁ፤ ቢላዋ ወይም ሽቦ ካገኛት አለቀላት። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከአቼቶም ከሎሚም ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የባሕር ዛፍ ዘይትም ታንከሩ ውስጥ አትጨምሩ። ጉንፋን ሲይዘን በቅጠሉ መታጠን ስለለመድን ብዙ ሰው ዘይቱን ታንከሩ ውስጥ ጠብ ማድረግ ያምረዋል፤ ዘይት ግን ፕላስቲኩን ያበላሻል፣ የሕፃናትንም መተንፈሻ ያስቆጣል።

የእኔ ማሽን በንክኪ የሚሠራ ስለሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፍቶ ይቀራል። ሰው ልብ ካላለው ማታው ባከነ ማለት ነው። በእጅ የሚዞር ማብሪያ ያለው ዓይነት መብራት ሲመለስ በራሱ ሥራውን ይቀጥላል፤ እንደኛ መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር የሚሻለው እርሱ ነው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚልም ከቴሌቪዥኑ ጋር በስታቢላይዘር ነው የምሰካው።

ጥቅሙስ? የልጄ ነስር ከታኅሣሥ ወዲህ በጣም ቀንሷል። ጠዋት ጉሮሮዬን አሸዋ እንደዋጠ ሰው መጠራረጉ ቀርቶልኛል። የባለቤቴ ሳል ግን ፈቀቅ አላለም፤ የእርሷ ከኩሽና ጭስ ነው የሚመጣው፣ ለጭስ ደግሞ እርጥበት አይበጀውም። ተረከዝም ያው ቫዝሊኑን ይፈልጋል። ሰፊው ሳሎናችን ውስጥ በር እየተከፈተ እየተዘጋ ማሽኑ ቢሠራም መለኪያው አይነቃነቅም፤ ለትንሽ ዝግ ክፍል ብቻ የተሠራ ነው።

ገንዘቡ ለሚከብደው አንድ ነገር ልንገር። ታጥቦ በደንብ የተጨመቀ ጋቢ መኝታ ቤት ውስጥ በገመድ ላይ ሰቅለን መለኪያው ከ34 ወደ 40 ሲወጣ አይቻለሁ። ወፍራም ጥጥ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ዱቄትም የለው ጽዳትም አይጠይቅ። የከሰል ምድጃ ላይ ውሃ ጥዶ ከመኝታ ቤት ማስገባት ግን አይታሰብም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ በር ዘግቶ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስዳል።

ባሕር ዳር ያለችው እህቴ «እኔ ጣና አጠገብ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ትል ነበር። መለኪያውን በመጋቢት ወስጄ ቤቷ ባስቀምጠው ከሰዓት በኋላ ከእኛው እምብዛም አልተለየም። እሷ ማሽን አልገዛችም፤ መለኪያ ግን ገዝታለች።

ሌላ የምገዛ ከሆነ ማብሪያው የሚዞር፣ የታንከሩ አፍ ሙሉ እጅ የሚያስገባና ውሃው ከላይ የሚሞላ እመርጣለሁ። የአሁኑ አፉ ጠባብ በመሆኑ ጥጉን የማጥበው በእንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ ነው።