«አይዞዎት» ወይስ «ምኑ ነው ያስፈራዎት?»

ነገ ቀዶ ሕክምና ያለባቸው እናት ለሕክምና ባለሙያ «ፈራሁ ልጄ» ሲሉ «አይዞዎት እማማ፣ ምንም አይሆኑም» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ግን ንግግሩን ይዘጋዋል፣ ማንም ዋስ የማይሆንበት ተስፋም ነው። «ምኑ ነው ያስፈራዎት?» ብሎ ወንበር ስቦ መቀመጥ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻላል። ጭንቀታቸው ማደንዘዣው ይሁን ቤት የቀሩት ልጆች የሚታወቀው ያኔ ነው።

«ለምን መድኃኒት አቋረጡ?» ቁጣ ስለሚመስል ታካሚው «ወስጃለሁ» ብሎ ያልፋል። «ለመውሰድ ምን አስቸገረዎት?» ሲባል ግን ማቅለሽለሹም የትራንስፖርቱም ጣጣ ይወጣል።

ጅማ ላይ ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። አፋን ኦሮሞ ብቻ ለሚናገር አባት አስታማሚ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ይቀላል፤ ይሁንና ልጅ የሚያስደነግጠውን ይዘላል፣ አባትም ስለ ሽንቱ በልጁ ፊት አያወራም። ቋንቋውን የሚችል ባለሙያ ይጠራ።

ሲሸኙ «ገባዎት?» አይበቃም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ኪኒኑን ቤት ሲገቡ እንዴት ነው የሚወስዱት?» ይባል።