ውሻ ልትገዙ ነው? «ክትባቱም ላይሰንሱም አልቋል» የሚለውን አትመኑ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ። በየግሩፑ ደጋግሞ የሚለጠፈው የቡችላ ማስታወቂያ ቃሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ዕድሜው 8 ሳምንት፣ ክትባቱን የጨረሰ፣ ላይሰንሱ (ውሻ ለመያዝ ከከተማ ወይም ከካውንቲ የሚወጣው ፈቃድ) የወጣለት፣ ገዝታችሁ በዚያው ፓርክ የምትወስዱት። ለ«ወረቀቱ» ተብሎም ዋጋው ላይ ይጨመርበታል። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የቡችላውን ዕድሜ ቁጠሩ።

የሬቢስ፣ ማለትም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 12 ሳምንት ላልሞላው ቡችላ አይሰጥም። ዲስተምፐርንና ፓርቮን፣ ማለትም ቡችላ የሚገድሉ ሁለት የቫይረስ በሽታዎችን የሚከላከለው ጥምር ክትባት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደጋገማል፤ የመጨረሻው መርፌ 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። የሚደጋገመው በእንገር ምክንያት ነው። ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ያከሽፈዋል፤ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። እና በ8 ሳምንቱ «ጨርሷል» የተባለው ቡችላ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት መርፌ ወስዷል፤ የሬቢስ ግን በፍጹም። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። እንዲህ ያለውን ቡችላ ስንትና ስንት ውሻ የተጸዳዳበት ሣር ላይ ማውረድ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ እተዋለሁ።

ላይሰንሱስ? ሻጭ ላይሰንስ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ላይሰንስ የሚወጣው ባለቤቱ በሚኖርበት ከተማ ወይም ካውንቲ፣ በባለቤቱ ስምና አድራሻ ነው። ዲሲ ውስጥ የሚያወጣው የከተማው ጤና መምሪያ ሲሆን ለተኮላሸ ወንድ ወይም ማህፀኗ ለወጣ ሴት ውሻ 15 ዶላር፣ ላልተሠራላቸው 50 ዶላር ነው። ከ4 ወር በላይ የሆነ ውሻ ሁሉ ግዴታው አለበት፤ የሬቢስና የዲስተምፐር ክትባት ማስረጃ ሳይያያዝ ማመልከቻው አያልፍም። ፌርፋክስ ካውንቲ በዓመት 10 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ ሐኪሙ የሬቢስ ክትባት ከሰጠ በኋላ ማስረጃውን ለአካባቢው ገንዘብ ቤት የመላክ ግዴታ ስላለበት፣ ውሻው መከተቡን መንግሥት ያውቃል፤ ላይሰንስ ካላወጣችሁ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ቤታችሁ ይመጣል።

ሁለተኛው ማጭበርበሪያ በኢንተርኔት የሚሸጠው «ብሔራዊ የውሻ ምዝገባ» ነው። ፎቶ የተለጠፈበት ካርድ፣ ወርቃማ ታግ፣ ማኅተም ያለበት ሰርተፊኬት ይልኩላችኋል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል የውሻ ላይሰንስ የሚባል ነገር የለም፤ ያንን ካርድ የሚቀበል ከተማም የለም። «ሰርቪስ ዶግ» (አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነ ውሻ) የሚል ካርድ ከሆነ ይብሳል። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት እውነተኛ ሰርቪስ ዶግ ምዝገባም ሰርተፊኬትም አይጠየቅም፤ የከተማው ላይሰንስና ክትባት ግን እንደ ማንኛውም ውሻ ይመለከተዋል። ሰርቪስ ዶግ የሚያስፈልገውን ሰው ካርዱ አይጠቅመውም፣ የማያስፈልገውንም አያድነውም። የማይክሮቺፕ (ከውሻው ቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) ምዝገባ ሌላ ነገር ነው፤ ውሻ ሲጠፋ ይጠቅማል፣ ላይሰንስ ግን አይሆንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ድረ ገጽ በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከላችሁ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ አቤት በሉ። እንደ ዜል ባለ የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ በገዛ እጃችሁ የላካችሁትን ማስመለስ ግን በጣም ከባድ ነው።

አሁን ሻጩ የሚያሳያችሁን የክትባት ደብተር ክፈቱት። የክትባት ደብተር ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የቀን፣ የስቲከርና የፊርማ ቦታ አለው። ስቲከሩ ከብልቃጡ ላይ ተልጦ የሚለጠፈው ነው፤ የክትባቱ ስም፣ የሎት ቁጥር (የተመረተበት ዙር መለያ) እና የሚያልፍበት ቀን አለበት። ሦስት ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ምናልባትም በአንድ ጊዜ የተጻፈ ከመሰላችሁና የፊርማው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ መርፌውን የወጋው ሻጩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ጥምር ክትባቱ በእርሻ ዕቃ መደብር ያለ ሐኪም ይሸጣል፤ ገዝቶ መውጋት በራሱ ወንጀል አይደለም። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበት ነው፤ ደረቁ ዱቄት ከፈሳሹ ጋር ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ወዲያው መሰጠት አለበት። ከመደብር እስከ ቤት መኪና ውስጥ የሞቀ፣ ወይም ጠዋት ተበጥብጦ ማታ የተወጋ ክትባት ስቲከሩ ያምራል፣ ሥራ ግን አይሠራም። በሬቢስ በኩል ቀዳዳ የለም፤ በሐኪም ወይም በሐኪም ቀጥተኛ ክትትል ካልተሰጠ ሕግ ፊት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

የሬቢስ ሰርተፊኬት ከደብተሩ የተለየ ወረቀት ነው። የባለቤቱ ስምና አድራሻ፣ የውሻው ዝርያ፣ ፆታ፣ ዕድሜና ቀለም፣ የክትባቱ ስም፣ አምራቹና የሎት ቁጥሩ፣ የተሰጠበትና የሚታደስበት ቀን፣ የታግ ቁጥር፣ የሐኪሙ ስም፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥርና ፊርማ ሊኖሩት ይገባል። አንገት ላይ የተንጠለጠለው ታግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ካንዱ ውሻ አውልቆ ለሌላው ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ክሊኒኩ ጋ ደውሉ፤ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት። ክሊኒኩ ያለ ደንበኛው ፈቃድ ላይነግራችሁ ስለሚችል ሻጩ አጠገባችሁ ሆኖ ይደውል። ደብተር በኩራት ያሳየ ሻጭ ስልክ ሲባል ካመነታ፣ ነገሩ አለቀ።

አንድ የሚያሳስት ቁጥር አለ። ብልቃጡ ላይ «3 ዓመት» የሚል የሬቢስ ክትባት እንኳ ቢሆን የመጀመሪያው መርፌ የሚያገለግለው 1 ዓመት ብቻ ነው፤ 3 ዓመቱ የሚቆጠረው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው። የመጀመሪያ መርፌ ሆኖ «3 ዓመት» የተጻፈበት ሰርተፊኬት ካያችሁ ጠይቁ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላም 28 ቀን ካልሞላ ውሻው እንደተከተበ አይቆጠርም።

ይህ ሁሉ ለቅጣት ወረቀት ብቻ ከሆነ ምን አለበት የሚል አይጠፋም። ሮክ ክሪክ አካባቢ ራኩን አለ፤ በዚህ የምሥራቅ አሜሪካ ክፍል ሬቢስን ከሚያዛምቱት ዋነኛው ራኩን ነው። ማስረጃ ያለው ውሻ ሬቢስ ያለበት እንስሳ ቢነክሰው ወዲያው ተጨማሪ መርፌ ይወጋና 45 ቀን ቤቱ ሆኖ ይታያል። ተከትቦ የማያውቀው ወይ ይገደላል፣ ወይ 4 ወር ሙሉ ከሰውም ከእንስሳም ተለይቶ ይዘጋበታል፤ ወጪው የእናንተ ነው። ውሻው ሰው ከነከሰ ደግሞ ቢከተብም ባይከተብም 10 ቀን ተይዞ ይታያል።

ላይሰንስ ቢኖርም ሁሉ ቦታ መልቀቅ አይቻልም። በዲሲ የውሻ ፓርኮች አንድ ሰው ከ3 ውሻ በላይ ይዞ አይገባም፤ ከ4 ወር በታች የሆነ ቡችላና ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች ሴት ውሻም አይፈቀዱም። ሮክ ክሪክ ፓርክ የፌዴራል ስለሆነ ከ6 ጫማ በማይበልጥ ማሰሪያ ካልሆነ በስተቀር ክልክል ነው።

ከአዲስ አበባ ውሻ ለማስመጣት ለምታስቡ፦ ኢትዮጵያ በአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ዘንድ የውሻ ሬቢስ ስጋታቸው ከፍተኛ ከሆነ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ውሻው ሲገባ ቢያንስ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት፤ ማይክሮቺፑም ከሬቢስ ክትባቱ በፊት መግባት አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። «ደብተሩን ይዘህ ሂድ፣ ይበቃል» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትክፈሉት።

ቀድሞ የገዛችሁ ደግሞ የማይረጋገጠውን ክትባት እንዳልተሰጠ ቁጠሩት። ከ16 ሳምንት በላይ ለሆነ ውሻ ጥምሩን ሁለት ጊዜ በ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት፣ ሬቢሱን አንድ ጊዜ አስወጉ። ሰርተፊኬቱን በእናንተ ስም አሠርታችሁ ላይሰንሱን ራሳችሁ አውጡ፤ ፓርክ የሚኬደው 28ቱ ቀን ሲሞላ ነው።