ጥቅምት ላይ የምትመላለሰው መኪና፦ የሌጎ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የጊዜ መኪና ግምገማ

የመገጣጠሚያ መጫወቻ አምራቹ ሌጎ በ10300 መለያ ቁጥር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ለገበያ ያቀረበውን፣ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ከተሰኘው ፊልም የተወሰደውን የጊዜ መኪና ገጣጥሜ ከጨረስሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ግምገማውን ወዲያው ያልጻፍሁት ሆን ብዬ ነው፤ የልጅነት ትዝታ ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚጽፈው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ደስታው ስለሚሆን፣ ደስታዬ ረጋ ብሎ መኪናዋን እንደ ዕቃ ማየት እስክችል ድረስ መጠበቅ ነበረብኝ።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ፣ በሰፈራችን በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተጣብበን ተቀምጠን ነው። ካሴቱ ብዙ ዴክ ውስጥ የተመላለሰ ስለነበር ሥዕሉን ነጫጭ መስመሮች ይሻገሩት ነበር። ከሁሉም የባሰው ግን መጨረሻው ላይ የደረሰው ነው፤ መብረቁ የሰዓቱን ማማ ሊመታ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ ቴፑ ተጨማደደና ፊልሙ እዚያው ተቋረጠ። ወንድሜ ወደ ቤት ስንመለስ የቀረውን ከራሱ ፈጥሮ ተረከልኝ፤ እውነተኛውን መጨረሻ ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህች መኪና ለእኔ መንገድ ላይ ያለች፣ ገና ያልደረሰች መኪና ነበረች።

ሮበርት ዜሜኪስ ከቦብ ጌል ጋር ጽፎ ያዘጋጀው ይህ ፊልም ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በጁላይ 3 ቀን 1985 ሲሆን፣ ማይክል ጄ. ፎክስ የሚጫወተው ወጣቱ ማርቲ፣ ክሪስቶፈር ሎይድ የሚጫወተው ዶክ ብራውን በሠራት መኪና ሳያስበው ወደ 1955 ሄዶ ወላጆቹን በወጣትነታቸው ያገኛቸዋል፤ ወደ ዘመኑ የሚመልሰውም የሰዓቱን ማማ የሚመታው የመብረቅ ኃይል ነው። በመጀመሪያዎቹ የስክሪፕት ረቂቆች የጊዜ ማሽኑ መኪና ሳይሆን ማቀዝቀዣ ነበር፤ ሐሳቡ የተቀየረው ፊልሙን ያዩ ሕፃናት ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብተው በሩን እንዳይዘጉባቸው በመሥጋት ጭምር ነው። በምትኩ የተመረጠችው ዴሎሪያን በሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት አጠገብ በምትገኘው ደንመሪ ትመረት የነበረች፣ አካሏ ቀለም ባልተቀባ የማይዝግ ብረት የተሸፈነ፣ በሮቿም እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱ መኪና ናት። ወደ 9,000 ገደማ ከተመረተች በኋላ ኩባንያው በ1982 ከሰረ፤ ባለቤቱ ጆን ዴሎሪያንም በዚያው ዓመት ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ክስ ተይዞ በ1984 በነፃ ተሰናበተ። ስለዚህ ፊልሙ ሲወጣ መኪናዋ መመረት ካቆመች ዓመታት አልፈው ነበር። ገበያ የጣላትን መኪና ፊልሙ ከወደቀችበት አነሣት።

ይህን ያነሣሁት ዕቃውን ለመመዘን ስለሚያስፈልግ ነው። የፊልሙ ባለሙያዎች ዶክ ብራውን በጋራዡ ውስጥ ካገኘው ነገር ሁሉ የሠራት እንድትመስል ስለፈለጉ ሽቦና የአውሮፕላን ቁራጭ ሰካክተውባታል፤ ከኋላዋ ያለው የኒውክሌር ማብላያ ክዳን የዶጅ ፖላራ መኪና የጎማ ክዳን ነው፤ ቆሻሻን ወደ ነዳጅ የሚቀይረው «ሚስተር ፊውዥን» ደግሞ ከቡና መፍጫ የተሠራ ነው። ውበቷ በእጅ የተገጣጠመች መሆኗ ላይ ነው። ከፋብሪካ ተሠርታ የምትመጣ ቅርጽ፣ የቱንም ያህል ብትመስል፣ ይህን ልትሰጥ አትችልም። ሌጎ ግን ሥራውን ለገዢው ስለሚተወው፣ ሰውየው ለጥቂት ምሽቶች በዶክ ብራውን ቦታ ይቀመጣል። እኔ ከዚህ ዕቃ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ቁርጥራጮቹ 1,872 ናቸው፤ ተገጣጥማ ስታልቅ 35.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አላት። አራቱ ጎማዎች በሁለተኛው ፊልም ላይ እንደሚታየው ለበረራ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ ናቸው፤ ይህን የሚሠራውን ክፍል ስገጣጥም ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወስጄ፣ ሁለት ጊዜም አፍርሼ ሠርቻለሁ፤ ጎማዎቹ ሲታጠፉ ማየት ግን ያንን ድካም ይክሳል። በሮቹ ወደ ላይ ተከፍተው ይቆማሉ፤ ኮፈኑም ይከፈታል። ከወንበሮቹ ኋላ ያለው፣ ዶክ ብራውን «የጊዜ ጉዞን የሚቻል ያደረገው» የሚለው ፍለክስ ካፓሲተር ደግሞ ሲጫኑት ይበራል። መብራቱ ትንሽ ነው። ሆኖም ያ ቴፕ ተጨማድዶ የቀረበት ቦታ ይህ መሣሪያ የመብረቁን ኃይል የሚቀበልበት ቅጽበት ስለነበር፣ ሌሊት የክፍሉን መብራት አጥፍቼ ደጋግሜ አብርቼዋለሁ።

ያንኑ መኪና እንደየፊልሙ በሦስት መልክ ማዘጋጀት ይቻላል። ለመጀመሪያው የመብረቅ መቀበያው ዘንግ፣ ለሁለተኛው ሚስተር ፊውዥን፣ ለሦስተኛው ደግሞ ጎናቸው ነጭ የሆኑ ጎማዎችና ኮፈን ላይ የሚቀመጠው መሣሪያ ይገባሉ፤ ታርጋውም አብሮ ይቀየራል። ሦስቱን ጎን ለጎን ለማቆም የሚፈልግ ሰው ሦስት መግዛት አለበት።

ዳሽቦርዱ ላይ ከፊልሙ የተወሰዱ ቀናት ታትመዋል፤ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን የመጣው አባቴ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ሲያነባቸው ቆየና «ይኼ በእኛ ስንት ነው፣ ልጄ?» አለኝ። ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ይህን ግን አስልቼ አላውቅም ነበር። ወረቀት አምጥተን አብረን አሰላን። ማርቲ የተነሣበት ኦክቶበር 26 ቀን 1985 ጥቅምት 16 ቀን 1978 ሆነ። የደረሰበት ኖቬምበር 5 ቀን 1955 ጥቅምት 25 ቀን 1948 ነው። በሁለተኛው ፊልም የሚሄዱበት ኦክቶበር 21 ቀን 2015 ደግሞ ጥቅምት 10 ቀን 2008። ሦስቱም ጥቅምት ላይ ናቸው! የሰዓቱ ማማ በመብረቅ የሚመታበት ቅዳሜ ምሽት ብቻ ወደ ኅዳር 2 ይሻገራል፤ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው።

አባቴን ያቆመው ግን ጥቅምት 25 ቀን 1948 ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት፣ የብር ኢዮቤልዩው፣ የዋለው ጥቅምት 23 ነው፤ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የታወጀው በማግስቱ ጥቅምት 24 ነው፤ የማርቲ መኪና 1955 የገባችው ደግሞ በዚያ በማግስቱ። አባቴ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ትንሽ ባንዲራ ይዞ መንገድ ዳር ተሰልፎ ነበር። የጫማውን፣ የአስተማሪውን ቁጣ፣ ከሰልፉ በኋላ የታደለውን ዳቦ እስኪመሽ ድረስ አጫወተኝ፤ ብዙውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ስለ ጉድለቱ ስናገር፣ ትልቁ ቀለሙ ነው። እኔ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ ለፊልሙ ሥራ ከዋሉት መኪኖች አንዷን ታድሳ ያየኋት በዊልሻየርና በፌርፋክስ መንገዶች መገናኛ ላይ ባለው ፒተርሰን የመኪና ሙዚየም ነው፤ ምሳችንን ከምንበላበት፣ እዚያው ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው «ሊትል ኢትዮጵያ» ሩቅ አይደለም። እውነተኛዋ ብረት ብርሃን ሲያርፍባት በቀጫጭን ጭረቶቿ ላይ ይፈስሳል፤ የሌጎዋ አብዛኛው አካል ግን ደብዘዝ ያለ ግራጫ ፕላስቲክ ስለሆነ ያንን ነጸብራቅ አይሰጥም። አብረዋት የሚመጡት የማርቲና የዶክ ምስሎችም ከመኪናዋ መጠን ጋር አይመጣጠኑም፤ ቁመታቸው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ውስጧ ቢቀመጡ ይጠፋሉ፤ ያላቸው ቦታ አጠገቧ መቆም ብቻ ነው። ቢሆንም ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣትና 401 ቁርጥራጭ ብቻ ከነበራት ከቀድሞዋ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ልዩነቱን በአንድ እይታ ይረዳዋል፤ የቀድሞዋ መኪናዋን ታስታውሳለች እንጂ አትመስላትም ነበር።

ዋጋዋ አሜሪካ ውስጥ ስትወጣ 169.99 ዶላር ነበር፤ በኋላ ወደ 199.99 ከፍ ብሏል። ለእኔ ይገባታል፤ ፊልሙን ለማይወድ ሰው ግን አልመክራትም፤ የዋጋዋ ግማሽ ያለው ገዢው ይዞት በሚመጣው ትዝታ ውስጥ ነውና። የምትገዙ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የአንደኛውን ፊልም መልክ ሠርታችሁ ለጥቂት ጊዜ ተዉት፤ የሌሎቹን ሁለት ፊልሞች ትርፍ ቁርጥራጮችም በየራሳቸው ከረጢት ለይታችሁ ስማቸውን ጻፉባቸው፤ ከተደባለቁ በኋላ መለየት አድካሚ ነው። የእኔዋ የመብረቅ ዘንጓን እንደተከለች መደርደሪያው ላይ ናት። ወንድሜ በቪዲዮ ስደውልለት መጀመሪያ ያሳየሁት የሚበራውን ፍለክስ ካፓሲተር ነው፤ እርሱም ያኔ ወደ ቤት ስንመለስ የፈጠረልኝን መጨረሻ እንደ ገና ተረከልኝ።