«4 ጌጅ፣ ንጹሕ መዳብ» እየተባለ በደሴና በኮምቦልቻ የሚሸጠውን የአምፕሊፋየር ኬብል ሳትፈትሹ አትግዙ

በደሴና በኮምቦልቻ የመኪና ጌጣጌጥ መሸጫዎች አምፕሊፋየርን (የመኪና ድምፅ ማጉያን) ከባትሪው ጋር የሚያገናኝ፣ «የአምፕሊፋየር ኪት» እየተባለ በካርቶን የታሸገ የኬብል ስብስብ ይሸጣል። ካርቶኑ ላይ «4 ጌጅ» (ጌጅ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው)፣ «100% መዳብ»፣ አንዳንዴም «3000 ዋት» የሚል ተጽፎበታል፤ ውስጡም ቀይ የፖዘቲቭ ኬብል፣ አጭር ጥቁር የኔጋቲቭ ኬብል፣ የፊውዝ ቤትና የድምፅ ገመዶች አሉት። የጥር ሠርግ ሲቃረብ ብዙ የሚኒባስና የቤት መኪና ባለቤቶች ትልልቅ ሳብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) የሚያስገጥሙበት ወቅት ስለሆነ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታውቁ እፈልጋለሁ፦ ከእነዚህ ኪቶች መካከል በእጄ ቆርጬ የመረመርኩት ኬብል 4 ጌጅም አልነበረም፣ መዳብም አልነበረም።

ኬብሉ የተገዛው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ የአጎቴ ልጅ ሚኒባስ ነው። ከተገጠመ በኋላ ማታ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይደበዝዝ ጀመር። ጠመዝማዛና ገደላማ በሆነው በዚያ መንገድ ላይ የመብራት መድከም ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሹፌር መንገር አያስፈልግም። ቆይቶ በፊውዝ ቤቱ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ኬብሉን ነቅለን ጫፉን ስንልጠው፣ ከወፍራሙ ፕላስቲክ ውስጥ የወጣው የሽቦ ጥቅል ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ስንፍቃት ደግሞ ቀዩ ቀለም ተላጠና ከሥሩ ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ። ወደ ሱቁ ስንመልሰው ሻጩ «አብሽር፣ ይህ እኮ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ማግኔት አወጣና ሽቦው ላይ አስጠግቶ «ይኸው አይስበውም፣ መዳብ ነው» አለን። ይህ ማስረጃ አይደለም። ማግኔት አሉሚኒየምንም አይስብም፤ የማግኔት ፍተሻ የሚያጋልጠው በመዳብ የተለበጠ ብረትን ብቻ ነው።

ጌጅ የሚለካው በውስጥ ያለውን ሽቦ እንጂ ፕላስቲኩን አይደለም፤ ቁጥሩም ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። እውነተኛ 8 ጌጅ 8.4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 4 ጌጅ 21፣ 2 ጌጅ 33፣ 0 ጌጅ ደግሞ 53 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ የሽቦ ስፋት (የተቆረጠው ጫፍ የገጽታ ስፋት) አላቸው። ባና የደረበ ቀጭን ሰው ከሩቅ ወፍራም እንደሚመስል ሁሉ፣ በወፍራም ፕላስቲክ የተሸፈነ 8 ጌጅ ኬብልም በዓይን ሲያዩት ከ4 ጌጅ አይለይም። የአጎቴ ልጅ የተሸጠለት እንዲህ ያለው ኬብል ነው።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። በትክክል 1000 ዋት የሚያወጣና ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶውን ወደ ድምፅ የሚቀይር አምፕሊፋየር ከባትሪው 1250 ዋት ይፈልጋል፤ ይህም በ12 ቮልት ሲሰላ ከ100 አምፔር በላይ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ኬብሉ ከባትሪው ተነስቶ በወለሉ ሥር እስከ ኋላ ሲዘረጋ 5 ሜትር ያህል ይፈጃል። በዚህ ርዝመት ላይ 100 አምፔር ሲያልፍ፣ እውነተኛ የ4 ጌጅ መዳብ 0.4 ቮልት ገደማ ብቻ መንገድ ላይ ያስቀራል። በመዳብ የተለበጠ የ8 ጌጅ አሉሚኒየም ግን 1.6 ቮልት ያህል ይበላል። ይህ 1.6 ቮልት በ100 አምፔር ሲባዛ 160 ዋት ይሆናል፤ ያም ሁሉ በምንጣፉና በወንበሩ ሥር ወደ ሙቀት የሚለወጥ ኃይል ነው። ሙዚቃ ከፍና ዝቅ ስለሚል አማካዩ ከዚህ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለሠርግ አጀብ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ለሰዓታት የሚጓዝ መኪና ለኬብሉ የማረፊያ ጊዜ አይሰጠውም። ከዚህም በላይ ሙቀቱ የሚጨምረው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን በአምፔሩ ካሬ ነው፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ራሱም ይጎዳል፦ ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች የሚገባላቸው ቮልት ሲቀንስ የሚያወጡት ኃይል ስለሚወድቅ፣ ከ13.8 ወደ 12.2 ቮልት የወረደ አምፕሊፋየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ኃይል ሊያጣ ይችላል። ባለቤቱ ግን ድምፁ አልበቃ ሲለው ይበልጥ ይከፍተዋል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ስፒከሩም ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛ የሚባለው ስፒከሩ ወይም ዲናሞው እንጂ ኬብሉ አይደለም።

በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም መሸጡ ብቻውን ወንጀል ነው አልልም። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ምንነቱ ተነግሮ፣ በዋጋው ልክ ተሽጦ፣ 21 ካሬ መዳብ በሚያስፈልግበት ቦታ 33 ካሬ ሆኖ ከተገጠመ ሥራውን ይሠራል። ችግሩ በመዳብ ስምና ዋጋ መሸጡ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ መጠኑ ተቀንሷል። አሉሚኒየሙ ተቆርጦ ጫፉ ለአየርና ለእርጥበት ሲጋለጥ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን ያበጃል፤ እንደ ደሴ ጉምና ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ግንኙነት እየላላና እየጋለ ይሄዳል። የእኛም ኬብል መቅለጥ የጀመረው በመሃሉ ሳይሆን ፊውዝ ቤቱ ውስጥ በታሰረበት ጫፍ ነበር።

ስለዚህ ሻጩ ካርቶኑን እንዲከፍትና ጫፉን እንዲልጥ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አንዷን ሽቦ በምላጭ በደንብ ፍቁ፤ መዳብ እስከ ውስጡ ድረስ ቀይ ነው። ሽቦው ከውጭ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ ከሆነ ደግሞ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ስለሆነ አትጥሉት፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ከሁሉም በላይ የማምነው ግን ሚዛንን ነው። መዳብ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 9 ግራም ያህል ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ግራም ብቻ ነው፤ ስለዚህ የ5 ሜትር እውነተኛ 4 ጌጅ ኬብል ሽቦው ብቻውን፣ ያለ ፕላስቲኩ፣ 950 ግራም ገደማ ይመዝናል። እኛ የገዛነው ከነፕላስቲኩ በሽንኩርት ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሆነ። ይህን ፍተሻ ለማድረግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ሚዛን ያለው ጎረቤት ሱቅ ደግሞ በየመንገዱ አለ። መጠኑን ይበልጥ በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የአንዷን ቀጭን ሽቦ ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ይለካ፤ ውፍረቷን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን በ0.785 ሲያባዛ የአንዷን ስፋት ያገኛል፤ ያንን በሽቦዎቹ ብዛት ማባዛት ነው። ሽቦዋ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነች ለ4 ጌጅ ከ670 ያላነሱ ሽቦዎች መኖር አለባቸው። ብዙ ጊዜ በተለያዩ ጥቅሎች ተከፋፍለው የተገመዱ ስለሆኑ አንዱን ጥቅል ቆጥሮ በጥቅሎቹ ብዛት ማባዛት ይበቃል።

የሚያስፈልጋችሁን ውፍረት ስትመርጡ አምፕሊፋየሩ ላይ የተጻፈውን ትልቅ የዋት ቁጥር አትመኑ፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚገኝ ጫፍ ነው። በምትኩ በአምፕሊፋየሩ ጎን የተሰኩትን ፊውዞች ደምሩ። ሁለት ባለ 40 ፊውዝ ካለው ከፍተኛው ፍላጎቱ 80 አምፔር ገደማ ነው ማለት ነው። በ5 ሜትር ርዝመት እስከ 50 አምፔር 8 ጌጅ፣ እስከ 100 አምፔር 4 ጌጅ፣ እስከ 150 አምፔር 2 ጌጅ፣ ከዚያ በላይ 0 ጌጅ ንጹሕ መዳብ ብትገጥሙ የምታጡት ቮልት ከግማሽ ቮልት ብዙም አይዘልም። የኔጋቲቩ ኬብል ከፖዘቲቩ እኩል መወፈር አለበት፤ በኪቶቹ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይቀጥናል። ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አካል) ላይ በብሎን ይታሰር፤ ርዝመቱም አጭር ይሁን።

ፊውዙን በሚመለከት አንድ አደገኛ ነገር አለ። ዋናው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ኬብሉን ነው፤ ለዚህም ነው ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚቀመጠው። በኪቱ ውስጥ ያለው ፊውዝ 100 አምፔር ሲሆን ኬብሉ ግን ያንን የማይሸከም ከሆነ፣ ፊውዙ ሳይበጠስ ኬብሉ ይቃጠላል። ሐሰተኛው የጌጅ ቁጥር ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ የእሳት አደጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ከኬብሉ በላይ ተሳፋሪዎች ተቀምጠዋል።

ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኙም ላይ «ንጹሕ መዳብ» የሚለውና ካሬ ሚሊ ሜትሩ እንዲጻፍ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በጽሑፍ ያስገባችሁት ቃል ካለ ሻጩ በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ለማለት ይቸገራል።

ኪቱን አስቀድማችሁ ያስገጠማችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጫፉን ልጣችሁ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፍቁ። ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከወጣና ጥቅሉ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ፣ እስኪቀየር ድረስ ዋናውን ፊውዝ ወደ 30 ወይም 40 አምፔር አውርዱና ድምፁን ቀንሱ፤ ፊውዙ እየደጋገመ ቢበጠስም በትልቅ ፊውዝ አትተኩት። የቆረጣችሁትን የኬብል ቁራጭ፣ ካርቶኑንና ደረሰኙን አትጣሉ፤ ሻጩ ገንዘባችሁን ካልመለሰ ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ስታቀርቡ የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው።