ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በባቡር ድሬዳዋ፦ የአንድ ተጓዥ አስተያየት

ከጀርመን መጥቼ ደብረ ብርሃን ያሉ ቤተሰቦቼን በጠየቅሁበት ሰሞን ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ያለ ማመንታት ለሌላ ሰው የምመክረው ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለውን የባቡር ጉዞ ነው። ለመሳፈራችን ምክንያት የሆነው የአክስቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት ሲሆን፣ በዕድሜያቸው ያን ሁሉ መንገድ በመኪና እንዳይንገላቱ ስል የመረጥኩት ባቡር ከጉዞው ሁሉ የተሻለው ክፍል ሆኖ ተገኘ።

ከደብረ ብርሃን ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ስላለው 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብዙ የምለው የለኝም። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ይጭን ነበር፤ ረዳቱም እስከ መጨረሻው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ከማለት አላረፈም።

የባቡር ጣቢያው ያለው ከመሃል ከተማ ራቅ ብሎ ፉሪ ለቡ ነው። ባቡሩ በየቀኑ የማይነሳ በመሆኑ ትኬቱን አስቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ በተለይ ለታኅሣሥ 19 ንግሥ የሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ ቢያስብበት ይበጀዋል። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይጠየቃል፣ ሻንጣም ይፈተሻል።

ደስታው የሚጀምረው ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው ይህ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ጭስ አያውቅም፤ ሐዲዱም እንደ አስፋልቱ መንገድ ኩርባ ስለማይበዛበት ሆድ አያገለባብጥም። መኪና በተሳፈሩ ቁጥር እንዳያጥወለውላቸው ሎሚ ጨብጠው የሚያሸቱት አክስቴ አዳማ ሳንደርስ ሎሚያቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። መተሐራ ላይ የፈንታሌ ተራራ በመስኮት ሲታይ ጋቢያቸውን አጥፈው አጠገባቸው አስቀመጡ፤ አዋሽ ስንደርስ ሹራባቸውንም አውልቀው በጋቢው ላይ አኖሩት። ወደ 2,800 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ላይ ኖሮ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለ ቆላ የሚወርድ ሰው ለውጡን በገላው ያውቀዋል፤ መኪና ውስጥ ተጣብቆ ከመቀመጥ ይልቅ ግን ተነስቶ እየተንጎራደደ፣ ሜዳውንም እያየ መውረዱ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ባቡሩ ፈጣን አይደለም እያሉ የሚያጣጥሉት አሉ። እኔ በምኖርበት አገር ባቡሩ ይከንፋል፤ ሆኖም ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሰላምታውን እንኳ ይቆጥባል። እዚህ ግን አክስቴ የቆሎውን ከረጢት ፈትተው ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠች የድሬዳዋ ልጅ «እንኪ የኔ ልጅ፣ የመንዝ ገብስ ነው» ብለው ካቋደሷት በኋላ ወሬው እስከምንወርድ ድረስ አልተቋረጠም። እሷም በተራዋ «እማማ፣ አንቱም ይቅመሱልኝ» እያለች ብርቱካን ትልጥላቸው ነበር። ስንቅ መያዙ እንግዲህ ለረሃብ ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የቀድሞው ሐዲድ በስፍራው በደረሰበት ጊዜ ሲሆን፣ አሮጌው ጣቢያዋ መሃል ከተማ ይገኛል። አዲሱ ግን ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ ወደ ከተማ ለመግባት ባጃጅ ያስፈልጋል፤ ዋጋውንም ከመሳፈር በፊት መነጋገር ይሻላል። ከዚያ ቁልቢ የሚወስደው መንገድ በደንገጎ በኩል ዳገት የሚወጣና ጠመዝማዛ ስለሆነ ሎሚዋ ዳግም ከቦርሳ ወጥታለች።

ለሰሜን ሸዋ ተጓዥ አስቸጋሪው መነሻው ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ሐዲድ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ ሕዝብ ማመላለስ ገና አልጀመረም። የሁለቱም መስመሮች የሐዲድ ስፋት አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ያ ቀን ሲመጣ የደብረ ብርሃን ሰው ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ይሳፈርና አዲስ አበባን ሳይረግጥ ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ መታጠፍ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን ባቡሩ የሚነሳው በጠዋት ስለሆነ፣ በተለይ አረጋዊ ይዞ የሚጓዝ ሰው ከዋዜማው አዲስ አበባ ገብቶ ለቡ አካባቢ አልጋ ቢይዝ በንጋት ከተማውን ከማቋረጥ ይድናል።