ፓሲፊካ 112ቪ፣ ስኳየር አፊኒቲ ወይስ «ፌንደር» የተለጠፈበት ኮፒ?

«ፌንደር በ150 ዶላር ሂሳብ ተገኘ፣ ልግዛው?» የሚል ጥያቄ የማይመጣበት ጊዜ የለም። አይገዛም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር በራሱ ስም አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር በዚህ ዋጋ አይሸጥም፤ ለአነስተኛ በጀት የሚያቀርበው ስኳየር በሚለው ስም ነው። በዚያ ዋጋ «ፌንደር» ተጽፎበት የሚሸጥ አዲስ ጊታር ኮፒ ነው። ክፋቱም የስሙ ብቻ አይደለም፤ ኮፒውን ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ሲደመር ኦሪጅናል ጊታር ይገዛል። የመጀመሪያ ጊታር የሚገዛ ሰው ያማሃ ፓሲፊካ 112ቪ ይግዛ፤ አዲሱ ካልተቻለ ያገለገለውን። የስኳየሩ አፊኒቲ ሁለተኛ ነው፣ ኮፒው ከነጭራሹ አይቆጠርም።

ዋጋውን በዶላር አስሉት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ በብር የተነገረ ዋጋ ለወሩ አያገለግልም። አሜሪካ ውስጥ አዲስ 112ቪ ከ300 እስከ 350 ዶላር አካባቢ ነው፤ ያገለገለው በ200 አካባቢ ይገኛል። አዲስ አፊኒቲ ስትራቶካስተር (የፌንደር ታዋቂ ቅርጽ) ከ230 እስከ 300፣ ያገለገለው ከ130 እስከ 170። ስለዚህ እውነተኛው ፉክክር ባገለገለ 112ቪ እና በአዲስ አፊኒቲ መካከል ነው፤ በዚህ ፉክክር ደግሞ ያማሃው ርካሽም የተሻለም ነው።

አሁን ኮፒውን እንደምር። ስድስት መቃኛ 35 ዶላር፣ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት የአጥንት ናት 8፣ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ከነመቀያየሪያውና ከነጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) 28፣ የክሩን ንዝረት የሚቀበሉት ሦስት ፒክአፕ 60፣ ክሮቹ በአካሉ በኩል የሚያርፉበት ብሪጅ 30። ድምሩ 161 ነው። ከመግዣው 150 ጋር 311 ዶላር ወጣ፣ የሠሪው የእጅ ዋጋ ገና አልተጨመረም። በዚህ ሁሉ ወጪ ደግሞ እንጨቱና አንገቱ አልተቀየሩም። ከጀርባ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን በካቻቢቴ ፈትታችሁ የስፕሪንጎቹን ጉድጓድ ተመልከቱ፤ እንጨቱ እንደ ኬክ በንብርብር ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። 112ቪ አካሉ አልደር የሚባል እንጨት፣ አፊኒቲ ደግሞ ፖፕላር የሚባል ነው።

ከእንጨቱ በላይ የሚያስመርረው የቅኝቱ ችግር ነው። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። የስትራቶካስተርም የፓሲፊካም የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከናት እስከ 12ኛው ፍሬት (ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደረው የብረት ዘንግ ነው) ግማሹ፣ ማለትም 324 መሆን አለበት። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ኮርቻ፣ ማለትም ክሩ ብሪጁ ላይ እስከሚያርፍበት፣ ደግሞ በቀጭኑ ክር በኩል ከ324 እስከ 327፣ በወፍራሙ በኩል እስከ 330 ይደርሳል። ኮፒ ላይ ብሪጁ ያለ ቦታው የተቸነከረ ብዙ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በስሱ ነክታችሁ ሃርሞኒኩን በመቃኛ መሣሪያ አንብቡ፣ ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ። የተጫናችሁት ድምፅ ከሃርሞኒኩ ከፍ ካለ ኮርቻውን ወደ ኋላ፣ ከወረደ ወደ ፊት ትስባላችሁ። ኮርቻው መጨረሻ ደርሶ ድምፁ አሁንም ከፍ የሚል ከሆነ ጊታሩን መልሱት፤ የትኛውም ባለሙያ አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ አያስተካክለውም። ይህ ጉድለት በተለይ በእኛ ቅኝቶች ላይ ጎልቶ ይሰማል። አምባሰልና አንቺሆዬ ውስጥ የግማሽ ድምፅ እርምጃዎች አሉ፤ የክሩ ድምፅ ትንሽ ከፍ ሲል እነዚያ ጠባብ እርምጃዎች ይበላሻሉ፣ ተጫዋቹም ጥፋቱ የእጁ እየመሰለው ሲደክም ይከርማል። በዚህ ምክንያት ጊታር የሚያቆም ጀማሪ አለ፤ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ፈተና አንገቱ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬት አንድ ላይ ተጫኑ፤ 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በሩብ ዙር ወደ ቀኝ አጥብቁ፣ ጨርሶ ከሌለ ወደ ግራ አላሉ፣ እንደገና ለኩ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። ኮፒ ላይ ይህ ብረት ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይሽከረከራል ወይም ከናካቴው አይንቀሳቀስም፤ እንዲህ ያለውን ጥላችሁ ሂዱ። የፍሬቶቹንም ጫፍ በእጃችሁ ዳብሱ። እርጥበት ባለበት አገር የተሠራ ጊታር አዲስ አበባ መጥቶ በጋ ሲገባ እንጨቱ ይኮማተራል፣ የፍሬቱ ጫፍም ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ይህ ፓሲፊካም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በቀጭን ሞረድ ጫፍ ጫፉን ማለስለስና ጥቁሩን የጣት ሰሌዳ በዓመት ሁለቴ በሎሚ ዘይት ማበስ ይበቃዋል።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ነገር ብቻ እወቁ። ጊታሩ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ተሰክቶ ዝምዝም ሲል ክሩን ንኩት። ዝምዝምታው ከቀነሰ የብሪጁ መሬት ሽቦ ደህና ነው፤ ካልተለወጠ ወይም ከባሰበት ሽቦው ተላቋል፣ አንዲት ጠብታ ስታኞ ትፈታዋለች። የመቀያየሪያው መንኳኳትና የጃኩ መላላት ግን ኮፒ ላይ አያልቅም።

ለአፊኒቲ ፍትሕ እንስጥ። አንገቱ ቀጭንና ለትንሽ እጅ የሚመች ነው፣ ቅኝቱ ይስተካከላል፣ መለዋወጫውም በየቦታው አለ። ድክመቱ ፒክአፑ ነው፤ ሴራሚክ ማግኔት ስለሆነ ንጹሕ ድምፁ ደረቅ ይላል። የ112ቪ ማግኔት አልኒኮ 5 የሚባለው ነው፣ ከብሪጁ አጠገብም ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) አለው፤ የቶን ቁልፉን ወደ ላይ ስትስቡት ግማሹ ጠፍቶ ነጠላ ይሆናል። ትዝታ በንጹሕ ድምፅ ለሚጫወትም፣ ማታ ከባንድ ጋር ዲስቶርሽን (የሻከረ የሮክ ድምፅ) ለሚያበዛም አንድ ጊታር ይበቃዋል። ስትገዙ ያንን ቁልፍ ሳቡት። 012 እና 112ጄ በሚባሉት ሌሎች የፓሲፊካ ሞዴሎች ላይ ቁልፉ አይሳብም፤ ሻጭ «ፓሲፊካ ነው» ብሎ 012ን በ112ቪ ዋጋ ሲያቀርብ የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ከውጭ ሰው የሚያስመጣ ጊታሩን በሳጥን ማንከራተት አያስፈልገውም። ክሮቹን አላልቶ ከጀርባ ያሉትን አራት ብሎኖች ሲፈታ አንገቱ ይወጣል፤ የሚነቀል ሽቦ የለም። አካሉ ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አንገቱም በትልቅ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ይገባል። መልሶ ሲገጠም ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሩት፤ ከድሮው ጥርሱ ጋር ሲገናኝ ጠብ ይላል፣ ከዚያ በእጅ አጥብቁ። በድሪል ማጥበቅ እንጨቱን ይቀደዋል።

አምፕ ላይ ግን ከአሜሪካ የሚመጣውን ፍሩ። እዚያ 120 ቮልት፣ እዚህ 220 ነው። ጀርባው ላይ የቮልት መቀየሪያ የሌለውን አምፕ በቀጥታ ብትሰኩት፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዙ፣ ካልሆናችሁ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ፤ አቅሙ አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው የኃይል ፍጆታ ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ለመንገደኛ የሚሸጠው ቀላሉ ኮንቨርተር ለአምፕ አይሆንም። እዚህ 50 ኸርዝ ስለሆነ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ከለመደው በላይ ይግላል፤ ለሰዓታት ክፍት አትተዉት። ከዱባይ የመጣ አምፕ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ስለዚህ ጊታሩን ከአሜሪካ፣ አምፑን ከዱባይ አስመጡ።

ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ልምምድ አይቋረጥም። ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ እና ቦስ ካታና ሚኒ ሁለቱም ስድስት ትንንሽ ድንጋይ ይበላሉ። ሚኒው ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፣ 7 ዋት ነው፣ ግን በአልካላይን ባትሪ 7 ሰዓት ያህል ብቻ ይሄዳል። ኪዩቡ 3 ዋት ሆኖ 25 ሰዓት አካባቢ ይቆያል፣ መቃኛ መሣሪያም በውስጡ አለው። ዋጋው ከፍ ቢልም ኪዩቡ ይሻላል፤ የባትሪው ወጪ በጥቂት ወር ልዩነቱን ይበላዋል። ለካታና ሚኒ አዳፕተር ለብቻው ስለሚገዛ፣ መርካቶ ስትፈልጉ 9 ቮልት መሆኑንና ምልክቱ ላይ መሐሉ ኔጌቲቭ መሆኑን አይታችሁ ውሰዱ።