«ናፍጣ ናት፣ ነዳጅ አትቀምስም» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ይቺን ታገሡና አንብቧት። በተለይ ደላላ «ናፍጣ ናት፣ ነዳጅ አትቀምስም» እያለ ዋጋ የቆለለባችሁ። እኔ በ2017 ጥር ወር በዚህች አንዲት አባባል ምክንያት 350 ሺህ ብር ጨምሬ ከፍያለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስደምር እውላለሁ። የራሴን ግን አልደመርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደላላው አንድ ግቢ ወስዶ ሁለት መኪና አሳየኝ። ሁለቱም አንድ ሞዴል፣ አንድ ዓመተ ምርት፣ ቀለማቸው ሳይቀር ነጭ። አንዷ ቤንዚን፣ አንዷ ናፍጣ። ናፍጣዋ በ350 ሺህ ትበልጣለች።

«ለምን?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ቤንዚኗን ከወሰድክ ደመወዝህን ማደያ ነው የምትሰጠው። ይቺ በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ልዩነቱን በሁለት ዓመት ትመልሳለህ። ደግሞ ከእንግዲህ አትገባም!»

የመጨረሻዋ ነገር እውነት አላት። በ2016 ጥር የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ገበያው ላይ የሚዞረው ቀድሞ የገባው ነው። ግን «አትገባም» ማለት ያለው ሁሉ በየዓመቱ እያረጀ ነው ማለትም ነው። ያኔ ይህ አልታየኝም። የታየኝ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሲወስዳት ነው።

ያኔ ያልሠራሁትን ሒሳብ አሁን ልሥራላችሁ። የነዳጁን ዋጋ የምወስደው በገዛሁበት ሰሞን ከነበረው ነው። በ2017 የገና ማግሥት በወጣው ዋጋ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። እናንተ ስታሰሉት የሰሞኑን የማደያ ዋጋ አስገቡበት።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ እመላለሳለሁ። ቅዳሜና እሑዱን፣ ሠርጉንና ለቅሶውን ጨምሮ በዓመት 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። ቤንዚኗ በሊትር 10 ብትሄድ 1,200 ሊትር ነው፤ 121,764 ብር። ናፍጣዋ ደላላው እንዳለው 16 ብትሄድ 750 ሊትር፤ 74,235 ብር። ልዩነቱ 47,529 ብር ነው። 350 ሺህን ለዚህ አካፍሉት። ሰባት ዓመት ያልፋል። እንዲያውም ናፍጣዋ በውኃ ብትሄድ እንኳ ልዩነቱን በሁለት ዓመት አትመልስም። የቤንዚኗ የዓመት ነዳጅ ተጠቃሎ 121 ሺህ ነዋ! ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ይህን ለማወቅ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃ ነበር።

16 ደግሞ አልሄደችም። ታንከሩን ጢም አድርጌ ሞልቼ፣ እንደገና እስክሞላ ለካሁ። ሦስት ጊዜ። 12 ናት። አንዴማ 11 ተኩል ወጣች። መገናኛ ላይ ሞተር አስነስቶ አርባ ደቂቃ መቆም ለናፍጣም ለቤንዚንም አያዝንም። በ12 ሲሰላ የዓመቱ ትርፍ ወደ 22,784 ብር ይወርዳል። 350 ሺህን ለመመለስ 15 ዓመት።

«ናፍጣ ርካሽ ነው» የሚለው ወሬ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2014 አጋማሽ ቤንዚን 31 ብር ከ74፣ ናፍጣ 28 ብር ከ94 ነበር። ወደ 9 በመቶ ይረክሳል። ቀላል አይደለም። ከዚያ የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር ልዩነቱም አብሮ ተነነ። በ2016 መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ናፍጣ በለጠ፦ 79 ብር ከ75፣ ቤንዚን 77 ብር ከ65። እኔ ስገዛ ልዩነቱ 2 ብር ከ49 ሳንቲም ብቻ ነበር። የደላሎቹ ወሬ ግን 2014 ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ሁለተኛው ወሬ «ናፍጣ አይበላሽም» የሚለው ነው። ይሄም የራሱ ታሪክ አለው። ሰው ይህን ያለው የገጠር መንገድ ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት የለፋውን ላንድክሩዘር አይቶ ነው። የድሮውን ሚኒባስና አይሱዙ አይቶ ነው። እነዚያ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያውቁም። ዋን ኤች ዜድ የሚባለውን የላንድክሩዘር ሞተር ብትወስዱ ተርቦ፣ ማለትም አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም፤ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓም ሜካኒካል ነው። መንገድ ላይ ቢቆም እንኳ መፍቻ የያዘ ሰው ያስነሳዋል።

እኔ የገዛኋት ሌላ ፍጡር ናት። ኮመን ሬል የሚሉት ዓይነት። ናፍጣው ወደ ሞተሩ የሚረጨው እስከ 1,600 ባር በሚደርስ ግፊት ነው፤ አንዳንዶቹማ 2,000 ይደርሳሉ። በተራዋ ቤንዚን መኪና የነዳጁ ግፊት 3 ባር ገደማ ነው፤ ከጎማችሁ አየር ብዙም አይርቅም። በዚያ ግፊት ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል ውስጥ ያለው ክፍተት ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው። ትንሽ ቆሻሻ፣ ትንሽ ውኃ፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ናፍጣ ይበቃዋል። አሮጌው ላንድክሩዘር አስሎ የሚያልፈውን ይቺ ትታመምበታለች።

ታመመችም። ሚያዝያ ላይ አንድ ማለዳ አልነሳም አለች። በሦስተኛው ሙከራ እየተንገጫገጨች ነቃች፤ ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ። ጎረቤቴ እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ምን እየቆላህ ነው?» አሉኝ።

«ፖምፓና ኖዝል» የሚል ታፔላ ያለበት ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ብዙ አላወሩም። አራት የሽሮፕ ጠርሙስ አመጡ። ከእያንዳንዱ ኖዝል ቀጭን ቱቦ እየሳቡ አንዳንድ ጠርሙስ ውስጥ ከተቱ። «አስነሳት» አሉኝ። ሁለታችንም ጠርሙሶቹን እናያለን። አንደኛውና አራተኛው ጠርሙስ ግርጌያቸው ብቻ ረጥቦ ቀረ። ሦስተኛው ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግማሽ ደረሰ። ሁለተኛውም ተከተለው።

«አየህ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ሁሉ ወደ ሞተሩ መረጨት ሲገባው በጓሮ የሚመለስ ናፍጣ ነው። ግፊቱ ከየት ይምጣ?»

«ጋሼ፣ ስንት ይፈጃል?»

ሁለቱ ተቀየሩ፣ ሁለቱ ታደሱ። 124 ሺህ ብር። ልብ በሉ፣ ይሄ ምርመራ ራሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ከመግዛቴ በፊት ባስደርገው ኖሮ ሁለቱ ጠርሙሶች ሁሉን ይነግሩኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ደግሞ ጉልበቷ ጠፋ። ዳገት ላይ ትንፋሽ አጠራት። እዚያው ጋራዥ ሄድኩ። ሰውየው «ቁልፉን ክፈት፣ ሞተር ግን አታስነሳ» አሉኝ። ከፈትኩ። «ምን ምን መብራት ታያለህ?» የዘይት፣ የባትሪ፣ የእጅ ፍሬን፣ የኤርባግ። «የሞተሯስ?» የለችም። ያቺ በሞተር ቅርጽ የተሳለች ቢጫ ምልክት ጭራሽ የለችም። ጤነኛ መኪና ላይ ቁልፍ ሲከፈት መብራት አለባት፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ መጥፋት። ዳሽቦርዱን ፈቱት። ምልክቷ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎባታል። አምስት ወር ሙሉ ከፕላስተሩ ሥር በርታ ነው የከረመችው።

በኮምፒውተር ስካን ሲያደርጓት የጭስ ማጣሪያዋ በጥላሸት ታፍኖ ተገኘ። አዲሶቹ የናፍጣ መኪኖች ጭስ መውጫው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ሲሞላ መኪናዋ ራሷ ታቃጥለዋለች። ለማቃጠል ግን 600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ትፈልጋለች። ለዚያም ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ በደንብ መንዳት ያስፈልጋል። ከሲኤምሲ ሜክሲኮ በማለዳ ሰልፍ ውስጥ ይህ የት ይገኛል? ማጣሪያው ደግሞ የተሠራው ድኝ እምብዛም ለሌለበት ለአውሮፓ ናፍጣ ነው፤ እዚያ ድኙ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ10 እጅ አይበልጥም።

አሳጠብኩት። 18 ሺህ ብር። ሰውየው ሲሸኙኝ «በሳምንት አንዴ አዳማ ፈጣን መንገድ አውጥተህ ንዳት» አሉኝ። ከልባቸው ነው፣ ምክሩም ትክክል ነው። ግን አስቡት እስቲ። ነዳጅ ልቆጥብ የገዛኋትን መኪና ማጣሪያዋ እንዲጸዳ በየሳምንቱ አዳማ ደርሼ ልመለስ! ደርሶ መልሱ ቢያንስ 12 ሊትር ነው። በዓመት 60 ሺህ ብር ያልፋል።

በመሃል 9,500 ብር ያወጣሁባት የተርቦ ቱቦም አለች። ሲደመር እስከ ጥቅምት ድረስ በዘጠኝ ወር 151,500 ብር አውጥቻለሁ። በዚያው ዘጠኝ ወር ከነዳጅ ያተረፍኩት 17 ሺህ ብር ነው። የዘይቱን ነገር ትቼዋለሁ፤ ይቺኛዋ በአንድ ቅያሪ ከቤንዚኗ በሁለት ሊትር ተኩል ትበልጣለች።

ናፍጣ የሚያዋጣው ሰው የለም አላልኩም። በየሳምንቱ ሐዋሳ ወይም ደሴ የምትመላለሱ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። በዓመት 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ናፍጣዋ በሊትር 14፣ ቤንዚኗ 11 ብትሄድ፣ በዓመት 86 ሺህ ብር ገደማ ይተርፋል። ማጣሪያውም መንገድ ላይ ራሱን ያጸዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌላት ቤንዚን መኪና በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ታጣለች። ተርቦ ያላት ናፍጣ ዳገቱን ስቃ ነው የምትወጣው፤ ጤነኛ ስትሆን። ቤንዚን ሁሉ ጻድቅ ነውም አልልም። ከአዲሶቹ ውስጥ ተርቦና ከፍተኛ ግፊት ያላቸው አሉ፤ እነሱም ወጪ ያውቃሉ። ከተማ ውስጥ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን ያቺ ነጭ ቤንዚን መኪና ትበቃው ነበር።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ በማለዳ፣ ሳይነግሩ ሂዱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቁልፉን ከፍታችሁ መብራቶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ጣታችሁን የጭስ መውጫው፣ የማርሚታው ጫፍ ውስጥ አስገቡ። ማጣሪያዋ የሚሠራ ናፍጣ መኪና ጫፏ ንጹሕ ነው ለማለት ይቻላል፤ ጣታችሁ ከሰል መስሎ ከወጣ ማጣሪያው ተሰንጥቋል፣ ወይም ቆርጠው ጥለውታል። ስካን ስታስደርጉ ኪሎ ሜትሩን ከሌሎቹ ኮምፒውተሮቿ ጋር ያመሳክሩላችሁ። የእኔዋ ዳሽቦርዷ ላይ 118 ሺህ ትላለች፤ ውስጧ 231 ሺህ ተገኝቷል። የጠርሙሱን ምርመራ ሳታስደርጉ ደግሞ ቀብድ እንዳትሰጡ። ደላላው «መኪናዋን አታምንም እንዴ?» ብሎ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ውሉንም አንብቡት። እኔ የፈረምኩት ላይ «አይቼና ፈትሼ ተረክቤአለሁ» የምትል መስመር ነበረች። ሻጩን በፕላስተሩ ጉዳይ ስጠይቀው ያነበበልኝ እሷን ነው። ደላላው ሁለት ፐርሰንቱን ወስዶ ስልክ ማንሳት ካቆመ ሰንብቷል።

ባለፈው ሳምንት ግን ራሱ ደወለ። መኪናዋን ልሸጣት እንዳሰብኩ ከሰው ሰምቷል። «ፈላጊ አለኝ፤ ናፍጣ ነው የሚፈልገው፤ ጥሩ ዋጋ ይከፍላል» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ «ያቺን ቢጫ መብራት ግን መልሰህ ሸፍናት፤ ሰው ታስደነግጣለች» ሲል ጨመረ።

ስለ መብራቷ እኔ አልነገርኩትም ነበር።